በምርምር መርከብ ላይ የሚሰበሰብ የባሕር መረጃ አያያዝ፦ ከወደብ እስከ ቋሚ ማኅደር

በ1948 አልባትሮስ የተባለችው የስዊድን የምርምር መርከብ ቀይ ባሕርን ስታቋርጥ፣ ከባሕሩ መካከለኛ ክፍል ከጥልቅ የቀዳችው ውኃ በአካባቢው ከተለመደው ጥልቅ ውኃ የሞቀና ጨዋማነቱም ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ ከጎረቤቶቹ ጋር ስለማይመሳሰል የመሣሪያ ስሕተት ነው ተብሎ ቢሰረዝ ማንም ባልተገረመ ነበር፤ ሆኖም ሳይሰረዝ ተመዝግቦ ቆየ። በ1960ዎቹ፣ በዓለም አቀፉ የሕንድ ውቅያኖስ ዘመቻ ወቅት፣ አሜሪካዊቷ አትላንቲስ 2 እና እንግሊዛዊቷ ዲስከቨሪ በዚያው አካባቢ ተመላልሰው ሲለኩ፣ ከ2,000 ሜትር ገደማ በታች በሚገኙ ጎድጓዳ ስፍራዎች በመጀመሪያ 44፣ ቆይቶም ወደ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ እጅግ ጨዋማ ሙቅ ውኃ መኖሩ ተረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ልኬቶች የአንደኛው ጎድጓድ ሙቀት ከ60 ዲግሪ አልፏል። ሙቀቱ ጨምሯል ለማለት የተቻለው የቀደሙት ልኬቶች ከነቦታቸው፣ ከነጥልቀታቸውና ከነመሣሪያቸው ተጽፈው ስለቆዩ ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በምርምር መርከብ ላይ መረጃ የመያዝ ኃላፊነት ለመጀመሪያ ጊዜ ለተሰጠው ተማሪ፣ ቴክኒሻን ወይም ተመራማሪ ነው። የሥራው ቅደም ተከተል በአመዛኙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር መርከቦች የሚከተሉትን ልማድ ይመስላል፤ እነዚህ መርከቦች ከ2009 ጀምሮ «ሮሊንግ ዴክ ቱ ሪፖዚተሪ»፣ በአጭሩ «አርቱአር»፣ በሚባለው ፕሮግራም አማካይነት የየጉዞአቸውን ጥሬ መረጃ ወደ አገር አቀፍ ማኅደሮች ያስተላልፋሉ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ከወደብ ከመነሣት በፊት

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት መርከቧ በማን ውኃ ላይ እንደምትሠራ ነው። በ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት መሠረት ከባሕር ዳርቻ እስከ 200 የባሕር ማይል በሚዘልቀው የኢኮኖሚ ክልል ውስጥ ለሚካሄድ ምርምር የባለዳርቻው አገር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ማመልከቻውም ቢያንስ ከ6 ወር በፊት መቅረብ አለበት። ፈቃዱ ግዴታ ይዞ ይመጣል፤ አገሩ ከፈለገ ባለሙያው በመርከቧ ላይ እንዲሳተፍ፣ ከጉዞው በኋላም መረጃውንና ናሙናውን እንዲያገኝ መደረግ አለበት። እንደ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ባሉ ጠባብ ውኃዎች አንድ ጉዞ የብዙ አገሮችን ክልል ሊያቋርጥ ስለሚችል፣ ለየትኛው አገር ምን ዓይነት ቅጂ፣ በማን አማካይነትና መቼ እንደሚላክ ከጉዞው በፊት በጽሑፍ ይወሰን። ይህ ጉዳይ ከጉዞ በኋላ ይደርሳል ተብሎ ሲተው፣ የቀጣዩ ተመራማሪ ፈቃድ ሊያስከለክል ይችላል።

ቀጥሎ የመሣሪያዎች ዝርዝር ይዘጋጅ። ለእያንዳንዱ ሴንሰር ሞዴሉን፣ የመለያ ቁጥሩን፣ በመርከቧ ላይ የተተከለበትን ቦታ፣ መጨረሻ ካሊብሬት የተደረገበትን (ንባቡ ከታወቀ ልኬት ጋር የተመሳከረበትን) ቀንና በዚያን ጊዜ የተሰጡትን የስሌት ቁጥሮች ይመዝግቡ። የመለያ ቁጥሩን ከወረቀት ከመገልበጥ ይልቅ በመሣሪያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ ማንሣት ይሻላል፤ ምክንያቱም ከመጋዘን ወጥቶ የተተከለው ሴንሰር በዝርዝሩ ላይ ከተጻፈው የተለየ መሆኑ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ጉዞው ካበቃ በኋላ ነው።

ጉዞው አንድ መለያ ይኑረው። በአሜሪካ መርከቦች ዘንድ ይህ መለያ በአብዛኛው የመርከቧን ስም የሚወክሉ ሁለት ፊደላት፣ ዓመቱና የጉዞው ተራ ቁጥር ተያይዘው የሚጻፉበት ነው። ፎልደሮቹ ጥሬ መረጃ፣ የተሠራበት መረጃና ሰነዶች በሚል ይከፈሉ፤ ጥሬው ያለበት ፎልደር ከተጻፈበት በኋላ ለንባብ ብቻ ክፍት ይሁን። በፋይል ስም ውስጥ ባዶ ቦታና ልዩ ምልክት አይግባ፤ ቀኑም ዓመቱን በማስቀደም 20250314 ተብሎ ይጻፍ፤ እንዲህ ሲሆን ፋይሎቹ በስማቸው ሲደረደሩ በጊዜ ቅደም ተከተልም ይደረደራሉ። የፋይሉን ስም በፊደላችን መጻፍ ቢያምርም፣ ብዙዎቹ የመሣሪያ ፕሮግራሞች ከላቲን ፊደል ውጭ ያለውን ስለማያነቡ ለዚህ ሥራ አይመከርም።

ደረጃ 2፦ ሰዓት

በመርከብ ላይ ቦታንና ልኬትን የሚያገናኘው ሰዓት ብቻ ነው። የሙቀት ሴንሰሩ የት እንዳለ አያውቅም፤ ጂፒኤሱም ውኃው ምን ያህል እንደሚሞቅ አያውቅም። ሁለቱን ፋይሎች በኋላ የሚያጋባቸው በየመስመሩ የተጻፈው ሰዓት ስለሆነ፣ በመርከቧ ላይ ያሉ ኮምፒውተሮች በሙሉ ሰዓታቸውን ከጂፒኤስ ከሚቀበል አንድ የሰዓት ሰርቨር እንዲወስዱ ያድርጉ፤ ሁሉም መዝገብ በዓለም አቀፉ ዩቲሲ ሰዓት ይያዝ። መርከቧ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ስትጓዝ የምግብ ቤቱ ሰዓት ይቀያየራል፤ የመረጃው ሰዓት ግን አይነካም።

ለእኛ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአገራችን አቆጣጠር ጧት 3 ሰዓት የምንለው በዩቲሲ 06:00 ነው። በልማድ «3:00» ብሎ የጻፈ ሰው መዝገቡ በሌላ ሰው ሲነበብ የሦስት ሰዓት ስሕተት ይፈጠራል፤ በ10 ኖት ፍጥነት፣ ማለትም በሰዓት 10 የባሕር ማይል፣ የምትጓዝ መርከብ በሦስት ሰዓት 30 የባሕር ማይል፣ ማለትም ከ55 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች። በማስታወሻ ደብተር ላይም ቢሆን ቀንና ዓመት በአንድ አቆጣጠር ብቻ ይጻፉ።

ጂፒኤስም ቢሆን በጭፍን የሚታመን አይደለም። ሥርዓቱ ሳምንታትን እስከ 1,024 ቆጥሮ እንደገና ከዜሮ ስለሚጀምር፣ በ1999 እና በሚያዝያ 2019 ዙሩ ሲጠናቀቅ አንዳንድ አሮጌ ተቀባዮች ቀኑን ወደ 20 ዓመት ገደማ ወደኋላ መልሰው ጽፈዋል። በየቀኑ አንድ ጊዜ የእያንዳንዱን ኮምፒውተር ሰዓት ከሰርቨሩ ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን መመዝገብ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ደረጃ 3፦ የክንውን መዝገብ

መሣሪያ ወደ ውኃ በገባ ቁጥር አዲስ የክንውን ቁጥር ይሰጠው። መዝገቡ የክንውኑን ቁጥር፣ መሣሪያውን፣ የወረደበትን፣ ታች የደረሰበትንና የወጣበትን ሰዓት፣ ኬክሮስና ኬንትሮሱን፣ የባሕሩን ጥልቀትና የመዝጋቢውን ስም ይይዛል። ያልተሳካ ሙከራም ቁጥር ያገኛል። ገመዱ ተጠላልፎ በ200 ሜትር ላይ የተቋረጠን ልኬት «አልተሳካም» ብለው ከነቁጥሩ ያቆዩት፤ ቁጥሩን ወስደው ለሚቀጥለው ክንውን ከሰጡት በጠርሙሶቹ ላይ የተለጠፈው ወረቀትና በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ፋይል ለዘላለም አይገናኙም።

መጻፍ ያለበት በዚያው ቅጽበት ነው። ሌሊት በተረኛነት የቆመ ሰው «ጧት አስታውሼ እጽፈዋለሁ» ማለቱ የማይቀር ቢሆንም፣ ጧት የሚታወሰው የሆነው ሳይሆን ሊሆን ይገባ የነበረው ነው። አስተያየት ለመጻፍ የተተወው ባዶ ቦታ ከቁጥሮቹ እኩል ዋጋ አለው፦ «ፓምፑ 14:20 ላይ ቆመ»፣ «ጠርሙስ 7 ያፈሳል»፣ «መርከቧ ከነፋሱ ጋር ዞረች» የሚሉት አጫጭር ቃላት ከሃያ ዓመት በኋላ አንድን እንግዳ ቁጥር ሊያስረዱ የሚችሉ ብቸኛ ምስክሮች ናቸው። በወረቀት የተሞሉ ቅጾች በየቀኑ ፎቶ ተነሥተው ከቀሪው መረጃ ጋር ይቀመጡ።

ደረጃ 4፦ ከየመሣሪያው ምን መቀመጥ እንዳለበት

በዚህ ደረጃ ላይ ረዘም ብዬ የምቆየው ጀማሪዎች ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚሳሳቱት እዚህ በመሆኑ ነው። ደንቡ አንድ ነው፦ መሣሪያው ራሱ የጻፈው፣ ሰው ያልነካው ፋይል፣ ወደ ትርጉም ከሚለውጠው ማንኛውም ተጓዳኝ ፋይል ጋር አብሮ ይቀመጥ።

ሲቲዲ የሚባለውን መሣሪያ እንውሰድ፤ የውኃውን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት፣ ሙቀትና ግፊት እየለካ በገመድ ወደ ጥልቅ ይወርዳል፤ በዙሪያውም ብዙ ጊዜ 24 የናሙና ጠርሙሶች ይታሰራሉ። በስፋት የሚሠራበት የሲበርድ ኩባንያ 911 ፕላስ ሞዴል በሰከንድ 24 ጊዜ ይለካል። የሚጽፈው ጥሬ ፋይል ግን ሙቀት ወይም ጨዋማነት አይደለም፤ የፍሪኩዌንሲና የቮልቴጅ መጠን የተመሰጠረበት የአኃዝና የፊደል ጎርፍ ነው። ይህን ወደ ዲግሪ የሚመልሰው የሴንሰሮቹን የስሌት ቁጥሮች የያዘው የማዋቀሪያ ፋይል ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ልኬት ጋር ጥሬው ፋይል፣ የማዋቀሪያው ፋይል፣ የመነሻ መግለጫውና የትኛው ጠርሙስ መቼ እንደተዘጋ የሚናገረው ፋይል አንድ ላይ ይቀመጡ። በጉዞው መካከል ሴንሰር ከተቀየረ የቀድሞው የማዋቀሪያ ፋይል አይታረም፤ አዲስ ስም ያለው ሌላ ፋይል ይዘጋጅና ከየትኛው የክንውን ቁጥር ጀምሮ እንደሚሠራ ይጻፍ።

የጨዋማነት ሴንሰር በጊዜ ብዛት ከእውነቱ ይንሸራተታል፤ ስለዚህም ከጠርሙሶቹ የሚቀዳ ውኃ ሳሊኖሜትር በሚባል የጨዋማነት መለኪያ እየተለካ ንባቡ ይመረመራል። ሳሊኖሜትሩ ራሱ የሚስተካከለው በመደበኛ የባሕር ውኃ ስለሆነ፣ የዚያ መደበኛ ውኃ ምርት ቁጥር በመዝገቡ ውስጥ መግባት አለበት። በ2010 የባሕር ውኃን ባሕርያት የማስሊያ አዲስ ቀመር፣ ቴኦስ-10፣ ከጸደቀ ወዲህ በምርምር ጽሑፍ ውስጥ ፍጹም ጨዋማነት እንዲጠቀስ ቢመከርም፣ በማኅደር መቀመጥ ያለበት አሁንም ከኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ልኬት የሚገኘው፣ ፕራክቲካል ሳሊኒቲ የሚባለው ነው። ፕራክቲካሉ የተለካ፣ ፍጹሙ የተሰላ ነው፤ ቀመር ሲሻሻል ከተለካው ተነሥቶ እንደገና ማስላት ይቻላል።

በጉዞ ላይ ያለማቋረጥ የገጹን ውኃ የሚለካው ቴርሞሳሊኖግራፍ ሌላ ዓይነት ወጥመድ አለበት። ውኃው ከመርከቧ ሆድ ተስቦ በቧንቧ ወደ ላቦራቶሪ ሲመጣ በመንገድ ይሞቃል፤ ስለዚህ በመግቢያው ላይና በላቦራቶሪው ውስጥ የተለኩት ሁለት ሙቀቶች የተለያዩ ናቸው። የትኛው የት እንደተለካ ካልተጻፈ መረጃው አይጠቅምም። ይህ ጥቃቅን ነገር የመሰለው ሰው የ1945ን ታሪክ ያስብ፦ በጦርነቱ ጊዜ አብዛኛው የባሕር ገጽ ሙቀት የተመዘገበው የሞተር ማቀዝቀዣ ውኃቸውን በሚለኩ የአሜሪካ መርከቦች ነበር፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ግን በባልዲ ቀድተው የሚለኩት የእንግሊዝ መርከቦች ድርሻ በድንገት ጨመረ። በባልዲ ያለ ውኃ ስለሚቀዘቅዝ የዓለም የባሕር ሙቀት በአንድ ጊዜ 0.3 ዲግሪ ገደማ የወረደ መሰለ፤ ይህ መውረድ የአለካክ ለውጥ ውጤት መሆኑ በግልጽ የታተመው በ2008 ነው።

ኤክስቢቲ የሚባለው ተወርዋሪ የሙቀት መለኪያም እንዲሁ ነው። ጥልቀቱን አይለካም፤ ውኃ ከነካበት ቅጽበት ጀምሮ ያለፈው ጊዜ በመውደቂያ ፍጥነት ቀመር ተሰልቶ ወደ ጥልቀት ይለወጣል። ቀመሩ ስሕተት እንዳለበት ታውቆ በ1995 የተሻሻለ ሲወጣ፣ በዓለም ማኅደሮች ውስጥ የነበሩ በርካታ ልኬቶች በየትኛው ሞዴልና በየትኛው ቀመር እንደተሠሩ ስላልተጻፈባቸው እርማቱን በእርግጠኝነት ማድረግ አልተቻለም። የሞዴሉን ስም፣ የምርት ቁጥሩንና የተሠራበትን ቀመር ሦስት ቃል አድርጎ መጻፍ ይህን ሁሉ ባስቀረ ነበር።

የባሕሩን ወለል የሚቃኘው ባለብዙ ጨረር ሶናር የፋይሉ መጠን ከሌሎቹ ሁሉ ስለሚበልጥ፣ የተሠራውን ካርታ ብቻ ይዞ ጥሬውን የመጣል ፈተና ያመጣል። አይጣል። ከጥሬው ጋር በየጊዜው የተወሰደው የድምፅ ፍጥነት ልኬትም መቀመጥ አለበት፤ ጨረሩ በውኃው ውስጥ ምን ያህል እንደተሰበረ የሚታወቀው በእርሱ ነው።

ደረጃ 5፦ በየቀኑ መቅዳትና ማረጋገጥ

ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱም በሌላ ቦታ የሚለው የታወቀ ደንብ በመርከብ ላይ ይጎድላል፤ «ሌላ ቦታ» የሚባል ነገር የለምና። ሰርቨሩ፣ ዲስኩና ቴፑ ሁሉም በአንድ ቀፎ ውስጥ ናቸው። የሚቻለው አንዱን ቅጂ ከሰርቨሩ ክፍል ራቅ ባለ ደረቅ ክፍል ማስቀመጥ፣ የክንውን መዝገቡንና ቀለል ያሉ ፋይሎችን በየቀኑ በሳተላይት ወደ ምድር መላክ፣ ወደብ ሲደረስም ሁለት ዲስኮችን በሁለት ሰዎች እጅ በተለያዩ በረራዎች መላክ ነው።

ምድር ላይም ቢሆን ርቀት ያስፈልጋል። የአሜሪካ የከባቢ መረጃ ብሔራዊ ማዕከል ዋና መሥሪያ ቤቱ ከባሕር ርቆ በተራራማው አሽቪል ከተማ ሳለ፣ በመስከረም 2024 መጨረሻ ሔሊን የተባለው አውሎ ነፋስ ያስከተለው ጎርፍ የከተማውን መብራትና ውኃ አቋርጦ አገልግሎቱን ለሳምንታት አስተጓጉሎታል። መረጃው አልጠፋም።

እያንዳንዱ ፋይል ሲፈጠር ቼክሰም ይሰላለት፤ ይህ ከፋይሉ ይዘት የሚወጣ አጭር የአኃዝ ማኅተም ሲሆን፣ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ማኅተሙ ይለወጣል። ኤስኤችኤ-256 የሚባለው ስሌት ለዚህ በቂ ነው። ፋይሉ በተቀዳ ቁጥር ማኅተሙ እንደገና ተሰልቶ ከመጀመሪያው ጋር ይነጻጸር። «ኮፒው አልቋል» የሚለው የኮምፒውተሩ መልእክት ፋይሉ በትክክል መገልበጡን አያረጋግጥም።

ደረጃ 6፦ ጥራትን መመርመር

ያጠራጠረ ቁጥር አይሰረዝም፤ ምልክት ይደረግበታል። እዚህ ላይ ልምድ ያላቸውንም የሚያሳስት ነገር አለ። የዩኔስኮ የውቅያኖስ መረጃ ልውውጥ ሥርዓት በ2013 ባወጣው ሠንጠረዥ 1 ጥሩ፣ 2 ያልተመረመረ፣ 3 አጠራጣሪ፣ 4 መጥፎ፣ 9 የጠፋ ማለት ነው። በ1990ዎቹ ከተካሄደው የዓለም ውቅያኖስ ዝውውር ጥናት በተወረሰው ሠንጠረዥ ግን 2 ማለት ተመርምሮ ጥሩ የተባለ ነው። የአርጎ ተንሳፋፊ መለኪያዎች ደግሞ 2ን «ጥሩ ሳይሆን አይቀርም» ለማለት ይጠቀሙበታል። ስለዚህ የምልክቱ ቁጥር ያለ ሠንጠረዡ ስም በፍጹም አይጻፍ። ምልክት የተደረገበት ቅጂ ከጥሬው የተለየ ፋይል ይሁን፤ ማን፣ መቼና በምን ምክንያት ምልክቱን እንዳደረገም ይመዝገብ።

ደረጃ 7፦ ከመርከቧ ከመውረድ በፊት

የጉዞ ሪፖርቱ ሰዎች ከመበተናቸው በፊት ይጻፍ። የመንገዱን ካርታ፣ የክንውኖቹን ሰንጠረዥ፣ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር፣ ያጋጠሙ ብልሽቶችንና እያንዳንዱ መረጃና ናሙና በማን እጅ ወደ የትኛው ተቋም እንደሄደ ይያዝ። ናሙናዎች፣ በተለይ የወለል ጭቃና ድንጋይ፣ አይጂኤስኤን የተባለው ዓለም አቀፍ መለያ ቢሰጣቸው ከብዙ ዓመት በኋላም ከመጡበት ክንውን ጋር ይገናኛሉ። ሁሉም ሻንጣውን ከመዝጋቱ በፊት የክንውን መዝገቡን ከፋይሎቹ ዝርዝር ጋር መስመር በመስመር ያስተያዩ፤ ፋይል የሌለው ክንውን ወይም ክንውን የሌለው ፋይል ከተገኘ የሚያውቀው ሰው አሁንም በመርከቧ ላይ ነው።

ደረጃ 8፦ ለማኅደር ማስረከብ

የመረጃው ዓይነት መድረሻውን ይወስናል። በአሜሪካ መርከቦች በጉዞ ላይ ያለማቋረጥ የሚለካው በአርቱአር በኩል ይሄዳል፤ ተመራማሪዎች በግል የሰበሰቡት የሥነ ሕይወትና የኬሚስትሪ መረጃ ብዙ ጊዜ በዉድስ ሆል ወደሚገኘው ቢሲኦ-ዲኤምኦ ወደሚባል ማኅደር ይገባል። የብሪታንያ የውቅያኖስ መረጃ ማዕከል በሊቨርፑል ነው፤ ጀርመኖች ፓንጌያ የተባለውን ማኅደር ይጠቀማሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በሚደግፋቸው የውቅያኖስ ምርምሮች መረጃው በተሰበሰበ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ይጠየቃል፤ እኔ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ውስጥ እንዲያስረክቡ እመክራለሁ፤ ትዝታ የሚያረጀው ከዲስክ በፊት ነውና።

ከጥሬው ጎን የሚቀርበው የተሠራበት ቅጂ ያለ ልዩ ፕሮግራም ሊከፈት በሚችል ቅርጽ፣ በተራ ጽሑፍ ወይም ኔትሲዲኤፍ በሚባለው የሳይንስ መረጃ ፋይል ዓይነት፣ ይሁን። «ሙቀት» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ በየትኛው የሙቀት መለኪያ ደንብ፣ በምን መሣሪያና በምን አሃድ እንደተለካ የሚገልጹ የተመደቡ የቃላት ኮዶች ስላሉ ከእነርሱ ይመረጥ።

የባለቤቶቹ ስም ለእኛ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። የቤተሰብ ስም የሚጠይቅ ቅጽ አባታችንን ዋና ተመራማሪ ሊያደርገው ይችላል፤ አንድ ስም በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ሲጻፍም ኮምፒውተሩ ሦስት ሰዎችን ይቆጥራል። ከ2012 ጀምሮ የሚሰጠው ኦርኪድ የተባለ የተመራማሪ ቁጥር ይህን ስለሚፈታ፣ ከስሙ ጋር ሁልጊዜ ይጻፍ።

ደረጃ 9፦ ከዓመታት በኋላ

ማኅደር ገብቷል ማለት ተቀምጧል ማለት አይደለም። ኤልቲኦ የሚባለው የቴፕ ዓይነት እንኳ በየትውልዱ ይለወጣል፤ የዘጠነኛው ትውልድ ማንበቢያ ስድስተኛውን ትውልድ ቴፕ አያነብም። ስለዚህ መረጃው ማንበቢያው ሳይጠፋ ወደ አዲስ ማከማቻ መዛወር፣ ማኅተሙም በየጊዜው መፈተሽ አለበት። የወረቀት መዝገብም አይናቅ፦ የእንግሊዟ ቻሌንጀር ከ1872 እስከ 1876 በዓለም ዙሪያ የለካችው ሙቀት በ2012 ከአርጎ መረጃ ጋር ሲነጻጸር፣ ከገጽ እስከ 700 ሜትር ገደማ ያለው ውኃ በአማካይ በ0.33 ዲግሪ መሞቁን አሳይቷል። ማነጻጸሩ የተቻለው ቁጥሮቹ ስለታተሙ ብቻ ሳይሆን፣ የባሕሩ ግፊት በቴርሞሜትሮቹ ላይ የሚያደርሰው ስሕተት በዚያው ዘመን ተጠንቶ ስለተጻፈም ጭምር ነው።

የራስዎን ሥራ ለመፈተን፣ መረጃውን ካስረከቡ ከጥቂት ወራት በኋላ በዚያ መርከብ ላይ ያልነበረ ባልደረባ ይፈልጉ። ከማኅደሩ አንድ ጥሬ የሲቲዲ ፋይል አውርዶ፣ እርስዎን ሳይጠይቅ፣ በ1,000 ሜትር ላይ ያለውን ጨዋማነት እንዲያሰላ ይጠይቁት። የሚደናቀፍበትን ቦታ ሁሉ ይመዝግቡ፤ የጎደለው ማብራሪያ ተጨምሮ እንደ ሁለተኛ ዕትም ለማኅደሩ ይላክ፤ የመጀመሪያው ዕትም ግን ባለበት ይቆይ።